ባዶ የተባለው አቧራ ሜዳ

አንድ ጊዜ፣ አራዊትና የቤት እንስሳት ጠባቸውን ትተው አብረው ለመኖር በተስማሙበት ዘመን፣ ዱርአምባ የምትባል ከተማ ነበረች። ከላይ የንጉሥ አንበሳ ቋጥኝ፣ ከታች ወንዝ፣ መሀሏ ላይ ደግሞ ሣር የማይበቅልበት፣ እንደ ዱቄት የላመ ቀይ አቧራ የሞላበት ሰፊ ሜዳ ነበራት።

የዱርአምባ ነዋሪዎች ከተሜ መባልን አጥብቀው ይወዱ ነበር። በሬ ሲያመነዥክ አፉን መዝጋት ለምዷል። ከርከሮ እንኳ እንግዳ ሆኖ ሲሄድ ደጃፍ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ይጠርጋል። አቧራ ላይ መንከባለል ደግሞ ትልቅ ነውር ሆኖ ቀርቶ ነበር። «የባላገር ሥራ» ይሉታል። ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል በጠራራ ፀሐይ የሚንከባለለው አሮጌው አህያ፣ አያ አህዮ ብቻ ነበር። እሱንም ሲያዩ «አህያ ምን ያድርግ» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ።

በዚያች ከተማ ጥለት የምትባል ወጣት የሜዳ አህያ ትኖር ነበር። ስሙ የወጣላት ጥቁርና ነጭ መስመሯ ነጠላ ጫፍ ላይ የተሸመነ ጥለት ስለሚመስል ነው። ጥለት ከሽማግሌው እርኩም ትምህርት ቤት ገብታ ፕላን መንደፍ ተምራለች፤ አሁን በከተማዋ ፕላን ጽሕፈት ቤት ትሠራለች። በአፏ ከሰል ይዛ ሰሌዳ ላይ የምታሰምረው መስመር ቀጥ ያለ ነው። ድምፅዋ ግን ከጉሮሮዋ ሳይወጣ የሚቀር ያህል ቀጭን ነው። አንድ ነገር በተናገረች ቁጥር ሰሚው «እ?» ይላታል፤ እሷም ከመድገም ዝም ማለት ይቀላታል።

ይህች ዐይነ አፋር ምስጢር ነበራት። ከልጅነቷ ጀምሮ ጎህ ሲቀድ፣ ከተማው ሳይነቃ፣ ወደ ሜዳው ትወርዳለች። ግራ ቀኝ ታያለች። ከዚያ ጉልበቷን አጥፋ ትጋደምና አራቱንም እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ ትንከባለላለች። መዥገሩ ይረግፋል፣ የሚያሳክከው ይተዋታል፣ ጀርባዋ ይፍታታል። ከዚያም ተነሥታ፣ አራግፋ፣ ቁም ነገረኛ መስላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። «ቆዳሽ እንዲህ የሚያበራው በምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቋት «በወንዝ ውሃ» ትላለች።

ታዲያ አንድ ቀን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ቀበሮ ጅራቱን እያወዛወዘ ገባ። ከኋላው አያ ጅቦ ለሃጩን እያዝረበረበ ተከተለው።

«ጥለት፣ ደስ ይበልሽ» አለ ቀበሮ። «መሀል ከተማችን ሊለማ ነው። አያ ጅቦ በራሱ ድንጋይ ሜዳውን ሊያነጥፍልን፣ መሀሉ ላይም ታላቅ አዳራሽ ሊሠራልን ነው።»

«የምን አዳራሽ?» አለች ጥለት።

«እ?»

«የምን አዳራሽ ነው?»

«የአጥንት» አለ ጅብ ፈጠን ብሎ።

«የባህል» አለ ቀበሮ ከሱ በላይ ፈጠን ብሎ። «የባህል አዳራሽ ነው። በይ ሰሌዳውን አምጪ። ሜዳው ላይ እስከ ዛሬ ምን ተብሎ ተጽፏል?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ጻፊበት። ባዶ ቦታ።»

የጥለት ከሰል አየር ላይ ቀረ። ጆሮዋ ጋለ። ባዶ አለመሆኑን ታውቃለች፤ እንዴት አወቅሽ ብሎ ቢጠይቃት ግን ምን ትመልሳለች?

«ምናልባት» አለች በመጨረሻ፣ «የሚጠቀምበት ካለ ነዋሪው ቢጠየቅ።»

«ይጠየቃል እንጂ!» ቀበሮ የተሰደበ መሰለ። «ነዋሪ ሳይጠየቅ ድንጋይ አይነሣም ብለው ንጉሡ ራሳቸው ደንግገው የለ? ነገ ጉባኤ ጠርተን እንጠይቃለን። ድንጋዩ ቀይ ይሁን ወይስ ጥቁር?»

«እሱን ብቻ ነው የምንጠይቃቸው?»

«ሌላ ምን አለ?»

«እኔ ጥቁር ይሻለኛል» አለ ጅብ። «ደም አያሳይም።»

«ቆሻሻ አያሳይም ማለቱ ነው» አለ ቀበሮ።

«ለስላሳ መሆን እንዳለበትም ንገራት። ለስላሳው ነው ዋናው።»

ቀበሮ የጅብን እግር ረገጠው። ጥለት አንገቷን ደፍታ «ባዶ ቦታ» ብላ ጻፈች። እንደዚያ ቀን የተጣመመ ጽሕፈት ጽፋ አታውቅም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ለመጨረሻ ጊዜ ልትንከባለል ወረደች። አቧራው ቀዝቀዝ ብሎ ይጠብቃት ነበር። ዐይኗን ጨፍና ወደ ግራ ተገላበጠች፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ። የምትሰናበተው ወዳጅ ያላት ይመስል ጉንጯን አቧራው ላይ አሳረፈች። ዐይኗን ስትገልጥ ከሜዳው ዳር አያ አህዮ ጀርባውን ሰጥቷት ቆሟል።

ደንግጣ ብድግ አለች። «እኔ… አዳልጦኝ ነው።»

«አላየሁም» አለ አህያው ሳይዞር። «መቼም አይቼ አላውቅም።»

«መቼም?»

«ልጄ፣ እኔ እኮ በጠራራው ብቻ ሳይሆን በጎህም ከአንቺ ቀድሜ እመጣለሁ። አንቺ ብቅ ስትዪ ከዚያ ቁጥቋጦ ጀርባ እሆናለሁ። ስትጨርሺ እመለሳለሁ። ገና ግልገል ሆነሽ፣ ጉልበትሽ ሳይጠና ጀምሮ እንዲሁ ነው።»

ጥለት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። «ታዲያ ለማንም አልተናገሩም?»

«ለማን ልናገር? እኔን ማን ያዋራኛል?» አለ አህያው። «ዛሬ የቆምኩት አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። አንቺ በምትነድፊው ላይ ይህ ሜዳችን ምን ተባለ?»

«ባዶ ቦታ።»

«እ?»

«ባዶ ቦታ ነው የተባለው።»

አያ አህዮ ዞር ብሎ ሜዳውን አየ። አቧራው ላይ የእሷ ገላ ያረፈበት ይታያል፤ አጠገቡ የእሱ። ወደ ወንዙ በኩልም፣ ወደ ገበያው በኩልም ትንሽና ትልቅ ምልክት ሞልቷል። ጥለት ግን በራሷ ስታፍር ሌላውን አላስተዋለችም።

«ጭነቱ ጀርባዬን ሲልጠው የማርፈው እዚህ ነው» አለ። «ዝንቡም መዥገሩም የሚለቀኝ እዚህ ነው። ድንጋይ ላይ ብንከባለል ቁስሌን ያባብሰዋል እንጂ አያሽረኝም። እንግዲህ ዛሬ ጉባኤው ላይ እናገራለሁ።»

«ይስቁብዎታል፣ አያ አህዮ።»

«ለምጄዋለሁ። ያንቺን ስም አላነሣም፣ አትስጊ።» ጥቂት ሄደና ቆመ። «በግራ ጎንሽ አቧራ ቀርቷል። አራግፊው።»

ፀሐይ ሞቅ ሲል የዱርአምባ ነዋሪ በሙሉ ከአንበሳው ቋጥኝ ሥር ተሰበሰበ። ቦታው ሠርግ ቤት መሰለ። እመት ጦጢት ቀልድ እንዳያመልጣት ከፊት ተቀመጠች። ጅግራ ጫጩቶቿን አሰልፋ መጣች። ዝሆን ማንንም ላለመጋረድ ከኋላ ቆመ። ጥለት ሰሌዳዋን ይዛ ከቀበሮ ጎን ቆማለች።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «የተከበራችሁ የዱርአምባ ከተሜዎች። ከእንግዲህ መሀል ከተማችን እንደ መስተዋት ያበራል። ከእንግዲህ አቧራ የለም።»

ጭብጨባው ቀለጠ። በዱርአምባ ጉባኤ ላይ ተናጋሪ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ማጨብጨብ ልማድ ነው፤ የሰማም ያልሰማም ያጨበጭባል።

«እናንተ ሳትጠየቁ ደግሞ ምንም አይደረግም። ስለዚህ እንጠይቃችኋለን። ድንጋዩ ቀይ ይሁን ወይስ ጥቁር?»

አሁንም ጭብጨባ። ከዚያ ጫጫታ። «ቀይ ነው የሚያምረው» አለ በሬ። «ቀይ ዐይን ይወጋል፣ ጥቁር ይሁን» አለ ከርከሮ። «አንተ ደግሞ ስለ ውበት ማን ጠየቀህ?» አለችው ጦጢት። ቀዩና ጥቁሩ ጎራ ለይቶ ሊማዘዝ ደረሰ። ድንጋዩ ለምን ይነጠፋል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

በዚህ መሀል አያ አህዮ ተነሣ። «ንጉሥ ሆይ፣ ድንጋዩ ባይኖርስ?»

ጫጫታው ቆመ።

«እኔ ሜዳው ላይ እንከባለልበታለሁ። ጀርባዬ የሚድነው እዚያ ነው።»

ያን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ። «ለአያ አህዮ አንድ ጆንያ አቧራ ቤቱ ድረስ ይላክለት» አለች ጦጢት። በሬ ሳቀ፣ ጅግራ ሳቀች፣ ከርከሮ መሬቱን እየመታ ሳቀ፣ ዝሆንም ጆሮውን እያራገበ ሳቀ። ጥለት ሳቃቸው ከሌላ ጊዜው የበዛና የቸኮለ መሰላት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም።

ንጉሥ አንበሳ መዳፉን አነሣ። «በቃ። የአንዱን ድምፅ ሰምቻለሁ። ለአንድ ብቻ ብዬ ግን የከተማውን ልማት አላስቆምም። ከአያ አህዮ ሌላ በዚህ ሜዳ የሚጠቀም ካለ አሁን ይናገር።»

ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል።

«ማንም የለም፣ ንጉሥ ሆይ» አለ ቀበሮ ፈገግ ብሎ። «ጥለት፣ ጻፊ። ማንም የለም።»

ጥለት አያ አህዮን ፈለገችው። ተቀምጧል፤ ጆሮዎቹ ወድቀዋል። ምስክር ሊያደርጋት ቢችልም ወደ እሷ አላየም። ጠዋት ሜዳው ዳር እንዳደረገው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቷት ነበር። እዚህም፣ በዚህ ሰዓትም፣ አላየሁም እያላት ነው።

ከሰሉ ከአፏ ወደቀ።

«እኔ» አለች።

«እ?» አለ ቀበሮ።

«እኔም እንከባለላለሁ።»

«ምን አለች?» አለ ዝሆን ከኋላ።

«ልጄ፣ ድምፅሽ አይደርሰንም» አለ ንጉሥ አንበሳ። «ከፍ አድርጊው።»

ከልጅነቷ ጀምሮ የደበቀችውን አንዴ መናገር አልበቃ ብሎ ልትደግመው ነው። አንገቷን ቀና አደረገች። ከዚያም ያ ሁሉ ዓመት በጉሮሮዋ የተከማቸው ድምፅ እንደ ጎርፍ ግድቡን ጥሶ ወጣ።

«እኔም አቧራው ላይ እንከባለላለሁ። በየማለዳው። አራቱንም እግሬን ሰቅዬ። ቆዳዬን የሚያበራው የወንዝ ውሃ አይደለም፣ አቧራው ነው።»

ቋጥኙ ቃሉን ተቀብሎ «አቧራው ነው፣ አቧራው ነው» እያለ ወደ ሸለቆው ላከው።

እመት ጦጢት አፏን ከፍታ ቀረች። «አንቺ? እርኩም ያስተማረሽ?»

«እርኩም መንከባለል አላስተማረኝም» አለች ጥለት። «እሱን ድሮም እችል ነበር።»

«ሥራ በዝቶባት ነው» አለ ቀበሮ ሰሌዳውን ሊነጥቃት እየሞከረ። «ድካም ነው፣ ንጉሥ ሆይ።»

ጥለት ሰሌዳውን ወደ ጉባኤው አዞረችው። «ባዶ ቦታ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባዶ አይደለም።» በጅራቷ ጥርግ አድርጋ አጠፋችው።

ማንም አልሳቀም። ጅግራ አንገቷን አሰገገች፣ መለሰች፣ እንደገና አሰገገች።

«እንግዲህ» አለች፣ «እኛም ጤዛው ሲደርቅ ብቅ እንላለን። ለጫጩቶቹ ብዬ ነው። ላባቸው ቅማል እንዳያፈራ። በወንዙ በኩል ያለችውን ጥግ ብቻ።»

«የወንዙን ጥግ?» ከርከሮ ብድግ አለ። «ያን ሁሉ ትንንሽ ጉድጓድ የምትምሱት እናንተ ናችኋ! እኔ እኮ በተጋደምኩ ቁጥር ጎኔን…» አለና ቆመ። የተናገረው የገባው ከተናገረ በኋላ ነው።

«አንተም?» አለ በሬ።

«አንተ ደግሞ ምን ያስደነግጥሃል?»

«እኔ ከእርሻ መልስ ስሄድ ማንም የሚያውቅ አይመስለኝም ነበራ» አለ በሬ፣ እሱም አመለጠው። «ቆይ፣ ቆይ። ታዲያ ያ መሀል ላይ ያለው ትልቁ ጉድጓድ የማን ነው?»

ሁሉም ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ።

«እኔ አልንከባለልም» አለ ዝሆን። «በኩምቢዬ ትንሽ አነሣና ጀርባዬ ላይ ነስነስ አደርጋለሁ። ትንሽ።»

«ትንሽ? እኔ ገብቼበት መውጫ አጥቼ እኮ ነበር!» አለ በሬ።

ከዚያ በኋላ ጉባኤው እንደ ቀፎ ተነሣ። አንዱ «እኔ በቀትር»፣ ሌላው «እኔ ገበያው ሲበተን» ይላል። እያንዳንዱ ብቻውን የሚያፍርበትን ነገር ጎረቤቱም ሲያፍርበት ኖሯል። የሚገርመው፣ አንዱ ሌላውን እንዳያይ ሰዓቱን ሲሸሽ ሜዳው ከጎህ እስከ ማታ አርፎ አያውቅም ነበር። ጥለት ከአንዱ ወደ ሌላው እያየች መሳቅ ጀመረች። እንዲህ ጮክ ብላ ስትስቅ ያያት የለም።

ንጉሥ አንበሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋማ ያለው ሁሉ ያሳክከዋል» አለ ወደ ሰማይ እያየ። «ምሳ በልታችሁ ሸለብ ስትሉ እኔ የት ነኝ ብላችሁ ጠይቃችሁ አታውቁም። አሁንም አትጠይቁ።»

ይህን ጊዜ አያ ጅቦ ከደስታው ብዛት ዘለለ። «እኔም! እኔም እንከባለላለሁ እኮ! አንተ ቀበሮ፣ ድንጋዩ ከተነጠፈ ታዲያ እኔ የት ልንከባለል ነው? እሱን አልነገርከኝም።»

«አያ ጅቦ፣ ዝም በል» አለ ቀበሮ በጥርሱ መሀል።

«ዝም አልልም። የነገርከኝ ድንጋዩ ለስላሳ ሲሆን ባለ ሰኮናው ሁሉ ያዳልጠዋል፣ የወደቀውን እየጎተትክ አዳራሽህ አስገባ ነው። የአዳራሹ ጓሮ ደግሞ ለአንተ፣ ጅግራ ልታረባበት። ስለ መንከባለል የተነጋገርነው የለም።»

ጅግራ ጫጩቶቿን በክንፏ ሥር ሰበሰበች። በሬ ሰኮናውን አየ።

«ይቀልዳል» አለ ቀበሮ።

«አልቀለድኩም» አለ ጅብ ተቀይሞ። «መቀለድ አልችልም።»

አንበሳው አገሳ። የዛፉ ቅጠል ረገፈ፤ ቀበሮም ጅራቱን በእግሮቹ መሀል ከተተ።

«አቶ ቀበሮ፣ አቧራ የለም ብለህ ነበር። እስከ ዝናብ መግቢያ ድረስ በየማለዳው ከአቧራው መሀል እሾህና ጠጠር ስትለቅም አቧራውን በደንብ ታውቀዋለህ። አያ ጅቦ፣ ያዘጋጀኸውን ለስላሳ ድንጋይ እንዳያዳልጥ አንድ በአንድ ትፈልጠዋለህ። ከዚያ ተሸክመህ ወደ ወንዝ የሚወርደውን ጭቃ ቁልቁለት ታነጥፍበታለህ። ልማት ከተፈለገ እዚያ ነው የሚፈለገው።» ወደ ጥለት ዞረ። «አንቺ ደግሞ አዲስ ፕላን ንደፊ። ጽሕፈት ቤት ተቀምጠሽ አይደለም። ሜዳው ላይ ቁሚና ጠይቂያቸው።»

ጭብጨባ ሆነ። አሁን ግን ያጨበጨበው ሁሉ ሰምቶ ነው።

ከተማው እንዳለ ወደ ሜዳው ጎረፈ። ጥለት ሰሌዳዋን ይዛ በመሀላቸው እየተዘዋወረች ጠየቀች። መቼ ትመጣላችሁ? የት ትተኛላችሁ? ምን ይቸግራችኋል? ጅግራ ጥጓ በቁጥቋጦ እንዲከለልላት ፈለገች። ዝሆን ወደ ዳር ወጥቶ የራሱን ጉድጓድ ሊሞላ ቃል ገባ። ኤሊ ለጉባኤው ከቤቱ ወጥቶ ገና መድረሱ ነበር።

«አለቀ እንዴ?» አለ እያለከለከ። «እኔ አልንከባለልም። ግን ሜዳውን ባቋረጥኩ ቁጥር የሆነ ነገር ላዬ ላይ ይወድቃል። ለምን እንደሆነ ገብቶኝ አያውቅም።»

ጥለት ለእሱ በሜዳው ዳር ጠባብ መንገድ አሰመረችለት። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር። ከዚያም «ባዶ ቦታ» ይል በነበረው ላይ በትልልቁ «የሁላችን መንከባለያ» ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጥለት ሜዳው ላይ አልታየችም። የመጣችው እኩለ ቀን ላይ፣ ገበያው ሞቅ ብሎ፣ ከተማው ሁሉ እያያት ነው። አሁንም ጆሮዋ ጋለ፤ ዐይነ አፋርነት በአንድ ቀን አይለቅም። ቢሆንም ጉልበቷን አጠፈች፣ ተጋደመች፣ አራቱንም እግሯን ወደ ሰማይ ሰቀለች፤ ቀይ አቧራውም ከገበያው በላይ ቦነነ።

ስትነሣ አያ አህዮ ከፊቷ ቆሟል። ጀርባውን አልሰጣትም።

«አሁን አየሁ» አላት። ከዚያም እንደ ልማዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በግራ ጎንሽ አቧራ ቀርቷል» አለ።

«ይቅር» አለች ጥለት፣ ከቋጥኙ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «ይታይ።»

ከዚህ የምንማረው ከተማ ለነዋሪዎቿ የምትመቸው ነዋሪው ስለ ድንጋዩ ቀለም ብቻ ሳይሆን ስለሚኖርበት ቦታ ሲጠየቅና፣ የተጠየቀውም ሳያፍር እውነቱን ሲናገር መሆኑን ነው።